ከስፌቱ በኩል አሥራ አራት ሚሊሜትር

እስክንድርያ፣ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2019

ፋይልሽ ቅዳሜ ዕለት በኢሜይል ደርሷል። ዘጠና ስድስት ገጽ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ቤት ገጽ ሲያቀናብር የኖረ ሰው ዜናውን ሳያስቀድም ሰላምታ አይመጣለትምና ይቅርታ አድርጊልኝ። ለተከበርሽው ለኢናስ፣ ለሟቹ ለሚትወሊ ልጅ፦ የአላህ ሰላም ባለሽበት በጎተንበርግ ይድረስሽ። ልጅሽን ዩሱፍን ይጠብቅልሽ፤ የዚያን አገር ብርድም ያቅልልሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱ ሊላህ። ዝምድናችን ሩቅ ነው፤ የአያትሽና የአባቴ አባቶች ወንድማማቾች ነበሩ ቢባል ነው። ይሁንና ከዚያ ሁሉ ቤተሰብ እዚህ ከተማ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የአባትሽን ደብተር በእኔ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ እንዲሆን በመምረጥሽ ደስ ብሎኛል።

ዓሦቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ዘጠና ሁለት ናቸው፤ ሁሉም በእውነተኛ ልካቸው የተሣሉ። አባትሽ የገበያ ተቆጣጣሪ ነበርና ከመሣሉ በፊት በማስመሪያ ይለካቸው ነበር። እንደምታውቂው በየዓርቡ እየሄድኩ እጠይቀው ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ከጸሎት በኋላ ከአንፉሺ ገበያ አንድ ዓሣ ይገዛል፣ ይሥላል፣ ከዚያ ይጠብሰውና ይበላዋል።

አንድ ችግር አለ። የደብተሩ ቢጫ ወረቀት እስከ ገጹ ጫፍ ድረስ ይታተማል፤ ፋይሉ ላይ ግን የመቁረጫው መስመርና የገጹ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ቢላዋው የፀጉር ያህል ቢስት በመጽሐፉ ዳር ነጭ መስመር ይወጣል። ኡስታ ዘኪ፣ ወረቀት የሚቆርጥልኝ ሰው፣ አይቶት «ዘመድህ እኔን የዓይን ቀዶ ጥገና ሐኪም አድርጋኛለች» አለ። በየዳሩ ሦስት ሚሊሜትር ትርፍ ጨምረሽ ላኪልኝ።

የሙት ዓመቱ ዓርብ ኖቬምበር 22 ነው። መቶ ሃያውን ቅጂ ለዚያ ቀን ለማድረስ በቂ ጊዜ አለን። ለገበያው ሰዎች ነግሬአቸዋለሁ፤ እየጠበቁ ነው።

አጎትሽ ረጋብ ዑካሻ

*

ጎተንበርግ፣ ሰኞ ሴፕቴምበር 9

የተከበሩ አጎቴ ረጋብ፣

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ። ማተሚያ ቤትዎም በሩ አይዘጋ። ዩሱፍ ደህና ነው፤ ከኦገስት ጀምሮ ለትምህርት ሌላ ከተማ ሄዷል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሰሞኑን የማወራው ከስካነሩ ጋር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የጠየቁኝን ሦስት ሚሊሜትር አጣሁት። ከስፌቱ አጠገብ ያለውን የደብተሩን ዳር ስካን ካደረግሁ በኋላ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። የእርሳስ ጭረትና የጣት ቅባት የሞላበት ስለነበር ሥዕሎቹን ያበላሽ ነበር። ሌላ መንገድ ካለ ይንገሩኝ። እነዚህ የገጽ ሳጥኖች የሚባሉት ነገሮችም ምን እንደሆኑ ያስረዱኝ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ስማቸውን አያለሁ፣ አንዱንም አልነካሁም።

ስለ ዓርቦቹ የጻፉልኝን አነበብኩ።

አባቴ ይኖርበት የነበረው ቤት ተከራየ ወይ? ከታች ያለው ዳቦ ቤትስ አሁንም አለ?

ኢናስ

*

እስክንድርያ፣ ሐሙስ ሴፕቴምበር 12

ኢናስ ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ ብቸኝነትሽንም አላህ በመልካም ሰው ይሙላልሽ። ዳቦ ቤቱ አለ። አራተኛው ፎቅ በጸደይ ተከራይቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ስለ ሳጥኖቹ ልንገርሽ። የፒዲኤፍ ገጽ አንድ ወረቀት መስሎ ይታያል እንጂ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀመጡ ሳጥኖች ነው። ትልቁ ሳጥን ወረቀቱ ራሱ ነው። ስካነሩ ያየው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ከእሱ ውጭ ምንም የለም። በውስጡ የመቁረጫው ሳጥን አለ፤ የዘኪ ቢላዋ የሚያርፍበት፣ አንባቢው እጁ ላይ የሚይዘው መጽሐፍ ልክ። ያንቺ አሥራ ሰባት በሃያ አራት ሳንቲሜትር ነው። በሁለቱ መካከል የትርፉ ሳጥን አለ፤ ቀለሙ ከመቁረጫው ሦስት ሚሊሜትር አልፎ እንዲሄድ። አራተኛው የዕይታ ሳጥን ነው። ይሄ ለማተሚያ ቤት ሳይሆን ለዓይን ነው፤ ኮምፒውተሩ ከገጹ ምን ያህሉን እንደሚያሳይሽ ይወስናል። አምስተኛም አለ። ሲጠቀምበት ያየሁት ሰው ስለሌለ እንተወው።

«ቆርጬ ጣልኩ» ያልሽው እንግዲህ የዕይታውን ሳጥን ማጥበብሽ ነው። ፕሮግራሙ የመቁረጫውንም አብሮ አጠበበው። ከመስመሩ ውጭ የቀረው ግን አልተጣለም፤ ትልቁ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ፋይሉ ለዘጠና ስድስት ገጽ ለምን እንዲህ ከበደ ስል ነበር። የሁሉም ሰው ስሕተት ነው፤ ጋዜጣ ቤት ሳለሁ አንድ ሚኒስትር ከፎቶ አስቆርጦት የነበረ ሰው በዚህ መንገድ ተመልሶ መጥቶብናል። ስለዚህ አትጨነቂ፣ ሦስት ሚሊሜትሯን ከዚያ አገኛታለሁ።

ሌላው ከባድ ነው። ዘኪ ናሙናውን አጥፎ አገላበጠና «አለቃ፣ ይሄ መጽሐፍ የሚታሰረው በየት በኩል ነው?» አለኝ።

«በቀኝ ነዋ። ዐረብኛ አይደል?»

«እንግዲያው ዓሦቹ በሙሉ አፋቸውን ሙጫ ውስጥ ነክረዋል።»

እውነቱን ነው። ሰፊውን ባዶ ቦታ በተቃራኒው በኩል ትተሻል፤ እዚያ አገር መጽሐፍ እንደሚታሰረው፣ በግራ። በስፌቱ በኩል ግን ዓሣው ጥግ ድረስ ተጠግቷል። መጽሐፉ ሲታሰር ጭንቅላታቸው አይታይም። ዘኪ «ሃያ ዓመት ከግራ ስትገልጥ ቆይታ እጇ ረስቶት ነው» ብሎሻል፤ አትቀየሚው፣ እሱ ሁሉንም ሰው ይነካል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሳጥኑን በየገጹ ወደ ስፌቱ በኩል አሥራ አራት ሚሊሜትር እገፋዋለሁ። ቅዳሜ ከፍቼ እሠራዋለሁ።

ረጋብ

*

ጎተንበርግ፣ ዓርብ ሴፕቴምበር 13

አጎቴ ረጋብ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

እባክዎ ቅዳሜ አይክፈቱት። እጄ መርሳቱ እውነት ነው፤ ኡስታ ዘኪን አልተቀየምኩም። ገጾቹን እኔው እንደገና አስተካክዬ በሌላ ፋይል እልካለሁ። የመጀመሪያውን ያጥፉልኝ። ሁለት ሳምንት ብቻ ይስጡኝ።

ኢናስ

*

እስክንድርያ፣ ረቡዕ ኦክቶበር 9

ለወይዘሮ ኢናስ ሚትወሊ፣ ሰላምና ጤና እመኛለሁ።

መልስ ሳልሰጥ ሃያ ስድስት ቀን ቆይቻለሁ። አዲሱ ፋይልሽ በሴፕቴምበር 28 ደርሶኛል። የእስክንድርያ አየር ቀዝቀዝ ብሏል፤ ሰኞ ዕለት የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ወረቀቱ ተገዝቶ መጋዘን ገብቷል። ዘኪ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ተሽሎታል።

በአዲሱ ፋይል ላይ ዓሦቹን ወደ ሰማንያ ስምንት በመቶ አሳንሰሻቸዋል። ለስፌቱ ቦታ ተገኝቷል፤ በዚያ በኩል ሥራው ንጹሕ ነው። ነገር ግን ባርቡኒ የሚባለው ቀይ ዓሣ አሥራ አንድ ሳንቲሜትር የነበረው አሁን ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ነው። አባትሽ ከልክ በታች የሆነ ዓሣ ይዞ የተገኘውን ነጋዴ ሣጥኑን ሙሉ የሚያስደፋ ሰው ነበር። የገበያው ሰዎች መጽሐፉን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማስመሪያ ማምጣት ነው። በዚህ ልክ ላትመው አልችልም።

የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። ሳጥኑን በመጀመሪያው ፋይል ላይ ወደ ስፌቱ አሥራ አራት ሚሊሜትር መግፋት አንዱ ነው፤ ያኔ በዳሩ ያሉት የእርሳስ ምልክቶች ገጹ ውስጥ ይገባሉ። ሌላው ሳጥኑን ገፍቶ ያንን ዳር በቢጫ ቀለም መሸፈን ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። የምትመርጪውን አሳውቂኝ።

ረጋብ ዑካሻ

*

ጎተንበርግ፣ ሐሙስ ኦክቶበር 10

አጎቴ ረጋብ፣

ባለፈው ደብዳቤዎ «ልጄ» ብለውኝ ነበር፤ አሁን «ወይዘሮ» ሆንኩ። ስለ ዓርብም አንድ ቃል አልጻፉም። ከፍተውታል ማለት ነው።

ይሸፍኑት። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የእርሳስ ጭረት ነው ያልኩዎት ጽሑፍ መሆኑን ለመደበቅ ነው። ያነበቡት ነገር የእኔ ነው። በየገጹ «ኢናስ ደወለች፣ አራት ደቂቃ» ይላል፤ ወይም «ኢናስ አልደወለችም»። አባቴ ደቂቃውን ከግድግዳ ሰዓት እያየ ይጽፍ እንደነበር ደብተሩን እስካገኝ ድረስ አላውቅም ነበር። ዓርብ ዓርብ የምደውልለት ከአውቶቡስ ወርጄ ቢሮ እስክደርስ ነው። ከፌርማታው እስከ በሩ አራት ደቂቃ ነው። ይህን የዓሣ ሻጮች እንዲያነቡት አልፈልግም።

የቅጂውን ብዛትም መቀነስ እፈልጋለሁ። አርባ ይበቃል።

ኢናስ

*

እስክንድርያ፣ እሑድ ኦክቶበር 20

ኢናስ ልጄ፣ የአላህ ሰላም ባንቺ ላይ ይሁን።

ሳጥኑን ቅዳሜ ሴፕቴምበር 14 ከፍቼዋለሁ። «አይክፈቱት» ያልሽው ደብዳቤ ያኔ ደርሶኝ ነበር። አንብቤው ነው የከፈትኩት።

ያነበብኩት ያንቺ ብቻ እንደሆነ አድርገሽ ጻፍሽልኝ። ደግነት ነው፤ ግን ሁለታችንም ያነበብነው አንድ ደብተር ነው። ዘጠና ሁለት ገጽ፣ ዘጠና ሁለት ዓርብ። «ረጋብ መጣ» የሚል ስድስት ቦታ አለ። «ረጋብ አልመጣም» የሚል አሥራ ዘጠኝ ቦታ። ከገጽ ሠላሳ በኋላ ስሜን መጻፍ ትቷል። እናትሽ ከሞተች በኋላ አደራ ብለሽኝ፣ በየወሩ «በየዓርቡ እጠይቀዋለሁ፣ ደህና ነው» እያልኩ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሃያ አንድ ነው። ሃያ ሁለተኛው የዛሬ ወር ተኩል የጻፍኩት ነው፤ ሰውየው ከሞተም በኋላ።

ምክንያቱን ልጽፍልሽ ሦስት ቀን ሞከርኩ። የጻፍኩትን ባነበብኩት ቁጥር ሰበብ ሆነብኝ፤ ሰረዝኩት። ከቤቴ እስከ አባትሽ ቤት ሁለት የትራም ፌርማታ ነው። ከሄድኩ በቀላሉ አይለቀኝም ነበር። የአንዱን ዓሣ ክንፍ ሊያሳየኝ አንድ ሰዓት፣ ጠብሶ ሊያበላኝ ሌላ አንድ ሰዓት። ሥራ አለኝ እያልኩ ተነሥቼ እወጣ ነበር። ሥራ አልነበረኝም። ዓርብ ማተሚያ ቤቱ ዝግ ነው፤ እቤቴ ተቀምጬ ራዲዮ ነበር የምሰማው፣ ብቻዬን። እሱም ብቻውን፣ እኔም ብቻዬን፣ ሁለት ፌርማታ። በኋላ በስልክ ጉልበቴን አሞኛል አልኩት። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ይህን ለዘኪ ነገርኩት። ዘኪ የሰው ገበና ሲሰማ የሚቀልድ ሰው ነው። በዚያን ቀን ግን ቢላዋውን ዘይት እየቀባ «አንተ ስድስት ጊዜ ሄደሃል፤ እኔ ወንድሜን ለስንት ዓመት እንዳላየሁት ታውቃለህ?» አለኝ።

በፖስታ የሙከራ ኅትመት ልኬልሻለሁ፤ ሁሉም ገጽ፣ ያልተቆረጠ፣ ትልቁ ሳጥን እንዳለ። በአራቱ ማዕዘን ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ቢላዋው የሚያርፍባቸው ናቸው። ማያ ገጽ ላይ ከማየት ወረቀት ላይ ማየት ይለያል። አይተሽ ወስኚ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ገጽ ዘጠና አምስት፣ የመጨረሻው ሰርዲን፣ ላይ ስሜ ተመልሶ መጥቷል። «ዓርብ። ረጋብ» ይልና ስካኑ እዚያ ያበቃል፤ ደብተሩን ስትዘረጊው ስፌቱ አልተከፈተ ይሆናል። ከትልቁ ሳጥን ውጭ ምንም የለም ብዬሻለሁ። የቀረው ያለው ደብተሩ ላይ ነው፣ አንቺ ዘንድ። ምን እንደሚል ጻፊልኝ። በዚያ ዓርብ አልሄድኩም፤ ስለዚህ የምጠብቀውን አውቃለሁ።

አጎትሽ ረጋብ

*

ጎተንበርግ፣ ሰኞ ኖቬምበር 4

አጎቴ ረጋብ፣ አላህ በሰላም ያቆይዎ።

ጥቅሉ ሐሙስ ደረሰ። እንደ ዕቃ ቤት ሰው ሁሉንም ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፤ ጠረጴዛው አልበቃ አለኝ። ቅዳሜ ዩሱፍ መጥቶ ነበር። ዐረብኛ አያነብም፤ አንዱን አንሥቶ ከግራ በኩል አገላበጠና «ይሄ በእርሳስ የተጻፈው ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። «የዓሣው ዋጋ ነው» አልኩት። እሑድ ተመልሶ ሄደ።

እውነቱን ልጻፍልዎ። ደብተሩን ያነበብኩት ከቀብሩ ከተመለስኩ በኋላ፣ በጃንዋሪ ነው። ስለ ዓርቦቹ የጻፉልኝ ውሸት እንደነበር ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ተቆጥቼ ነበር። ሃያ አንዱን ደብዳቤ አውጥቼ ከገጾቹ ጋር አስተያየሁት፤ እንደ ክስ ፋይል። ልልክልዎም አስቤ ነበር። ከዚያ የራሴን ስም መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። ስልሳ አንድ ዓርብ አልደወልኩም። ሁለታችንም ያለነው በአንድ ዳር ላይ ነው፤ የአንዳችንን ትቼ የሌላውን መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ ሁሉንም ቆረጥኩት። የቆረጥኩት መስሎኝ።

ገጽ ዘጠና አምስትን ስፌቱን ፈትቼ እንደገና ስካን አድርጌዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ይደርስዎታል። እንዲህ ይላል፦

«ዓርብ። ረጋብ ደረጃው ይከብደዋል። በሚቀጥለው ዓርብ እኔ ወደ እሱ እወርዳለሁ።»

ቀኑ ኖቬምበር 16 ነው። የሞተው በተከታዩ ሐሙስ ነበር።

መስመሩን የት እንደማሰምር አላውቅም። እርሳስ ይዤ ሁለት ቀን ወረቀቱ ፊት ተቀመጥኩ። እዚያ የሚኖሩት እርስዎ ነዎት፤ የገበያው ሰው የሚጠይቀው እርስዎን ነው። እኔን እዚህ የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ እርስዎ የወሰኑት ይሁን ልል አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ ይህም ሌላ መሸሽ መሰለኝ።

ኢናስ

*

እስክንድርያ፣ እሑድ ኖቬምበር 10

ገጽ ዘጠና አምስት ደርሷል። በቦታው ተተክቷል።

ኢናስ ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ፣ እንቅልፍሽም።

ዓርብ ዕለት ወደ አንፉሺ ሄድኩ። ወደ አባትሽ ቤት አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ አልከበደኝም። በሩ አረንጓዴ ተቀብቷል። ከውስጥ የልጆች ድምፅና የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። አላንኳኳሁም። ስወርድ የዳቦ ቤቱ ሰው አወቀኝ።

«አንተ የገበያ ተቆጣጣሪው ዘመድ አይደለህም? ጉልበትህ ተሻለህ?»

«ማን ነገረህ?»

«እሱ ነዋ። ሁልጊዜ ዳቦ ሲገዛ ሁለት ሰው እንደሚበላ አድርጎ ይገዛና፣ ረጋብ ጉልበቱን አሞት ቀረ ይለን ነበር።»

ተሽሎኛል አልኩት።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ፋይልሽ ላይ ሳጥኑን በየገጹ ወደ ስፌቱ አሥራ አራት ሚሊሜትር ገፍቼዋለሁ። ዓሦቹ በልካቸው ናቸው፤ ጭንቅላታቸውም ወጥቷል። የአባትሽ ጽሑፍ ከስፌቱ ጎን በትንሹ ይነበባል፤ መጽሐፉን ደህና አድርጎ የሚከፍት ሰው ያገኘዋል፤ የሚቸኩል አያየውም። ዳሩ በቢጫ የተሸፈነበት ሌላ ፋይልም ሠርቼ አጠገቡ አስቀምጫለሁ። ሁለቱም ተዘጋጅተው ቆመዋል።

የእኔን ስም በሚመለከት ወስኛለሁ፤ ይታተም። ስድስቱም፣ አሥራ ዘጠኙም፣ የመጨረሻውም። የገበያው ሰው ቢጠይቀኝ እመልሳለሁ። ያንቺ አራት ደቂቃ ግን ያንቺ ነው፤ ያለ ቃልሽ አላወጣውም። የእኔን ትቼ ያንቺን ብቻ መሸፈን በሥራው በኩል ይቻላል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ለዘኪ ባነሣለት «ሰውየው ሁለታችሁንም አንድ ላይ ነው የጻፋችሁ። ለያይታችሁ ካመጣችሁልኝ ቆራጭ ፈልጉ» አለኝ። እኔም መለያየቱን አልፈልገውም። ግን ብትዪኝ አደርገዋለሁ።

ስለ ቅጂው ብዛት አርባ ብለሻል፤ ወረቀቱ ለመቶ ሃያ ተገዝቷል። ይሄንንም አብረሽ ንገሪኝ።

እርስዎ ይወስኑ ማለት መሸሽ መሰለኝ ብለሻል። ልክ ነሽ፤ ስለዚህ አልተቀበልኩሽም። ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ በስልክ ግን የሰው ድምፅ እሺ ያሰኛል። በጽሑፍ ይሁን። አንድ ቃል ይበቃል፦ «ይታይ» ወይም «ይሸፈን»። መልስሽን እስከ ረቡዕ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ። ቃል ካልመጣ ዳሩ ተሸፍኖ ይታተማል።

ማሽኑ የሚነሣው ሐሙስ ኖቬምበር 14 ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው።

አጎትሽ ረጋብ